ከግሮሰሪ ተሠርቶ የሚሸጥ የታንክስጊቪንግ ተርኪ፦ የቱን እንዘዝ?

የሜሪላንድ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ታንክስጊቪንግ ኖቬምበር 26 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ ኅዳር 17 ቀን 2019 ላይ ስለሚውል ጾመ ነቢያት ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እቤት 14 ሰው ይሰበሰባል፦ 5 ጿሚ፣ 2 ሙስሊም፣ 7 የፍስክ የሚበላ። እንጀራውንና የጾሙን ወጥ እኛው እንሠራለን። ተርኪውንና አብረውት የሚመጡትን ግን ተሠርቶ ከሚሸጥበት ግሮሰሪ ለማዘዝ አስበናል። ያለን ኦቨን አንድ ነው፤ ፍሪጁም ተራ የቤት ፍሪጅ።

ማስታወቂያዎቹ ግራ ያጋባሉ። አንዱ "ሙሉ በሙሉ የበሰለ"፣ ሌላው "ለኦቨን የተዘጋጀ"፣ ሦስተኛው "በጭስ የበሰለ" ይላል። ትኩስ ሆኖ ነው የሚሰጠን? "ለ8 ሰው ይበቃል" የሚለው ይታመናል? ጿሚዎቹስ ከሳጥኑ ውስጥ የሚቀምሱት ነገር ይኖር ይሆን?

ከዴሊ ጀርባ

እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው "የበሰለ" ሲባል "ትኩስ" ስለሚመስለው ነው። እንደ ሴፍዌይ፣ ጃይንት፣ ዌግማንስና ሆል ፉድስ ያሉት ለበዓል በትእዛዝ የሚሸጡት እራት ባመዛኙ በስሎና ቀዝቅዞ በሳጥን ታሽጎ ነው የሚወጣው። ማሞቁ ለእርስዎ ይቀራል። ስለዚህ ሲያዝዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ሳይሆን "ቀዝቃዛ ነው ወይስ ትኩስ?" የሚለው ነው።

"ሙሉ በሙሉ የበሰለ" የተባለው ማሞቅ ብቻ ይፈልጋል። "ለኦቨን የተዘጋጀ" ወይም "ለማብሰል ዝግጁ" የሚለው ግን ጥሬ ነው፤ ተቀምሞ ከረጢት ውስጥ ገባ እንጂ እሳት አላየም፤ 10 ፓውንዱ ኦቨንዎን ሦስት ሰዓት ገደማ ይይዘዋል። በጭስ የበሰለው ብዙውን ጊዜ ለመብላት የደረሰ ነው፤ ሥጋው እስከ አጥንቱ ሮዝ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ ያ የጭሱ ቀለም ነው። ከማቀዝቀዣ መደርደሪያ በረዶ ሆኖ የሚገዛ የበሰለ ተርኪም አለ። እሱ በፍሪጅ ውስጥ ለእያንዳንዱ 4 ወይም 5 ፓውንድ 24 ሰዓት ስለሚፈልግ፣ 12 ፓውንዱን ሰኞ ጠዋት ወደ ፍሪጅ ካላወረዱት ሐሙስ ቀን መሀሉ ገና ድንጋይ ነው።

"ለ8 ሰው" የሚለውን በቁጥር ይመርምሩት። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ክብደት ብዙ ጊዜ ከመብሰሉ በፊት የነበረው ነው። በማብሰል ከክብደቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ከዚያ ደግሞ አጥንቱ አለ፤ በመጨረሻ ለአፍ የሚደርሰው ሥጋ ከጥሬው ክብደት ግማሽ አካባቢ ነው። 10 ፓውንድ ተርኪ ወደ 5 ፓውንድ የሚጠጋ ሥጋ ይሰጣል። ለ7 በሊታ ለእያንዳንዱ 6 አውንስ ቢሰላ 42 አውንስ ይሆናል፤ ሦስት ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለእርስዎ ትንሹ ሳጥን ይበቃል፣ ይተርፋልም። ለ12 ሰው የሚባለውን ወስደው ፍሪጁን አያስጨንቁት።

የጎን ምግቦቹ ላይ ግን ሳጥኑ ይሰስታል። ድንቹ 2 ፓውንድ ከሆነ ለአንድ ሰው 4 አውንስ እየደረሰ 8 ሰው ነው፤ አንድ ጭልፋ ማለት ነው። ግሬቪው (ከሥጋው ወዝ የሚሠራው ሶስ) 24 አውንስ ከሆነ ሦስት ኩባያ ነው፣ ለ9 ሰው ሲሦ ሲሦ ኩባያ። እንጀራና ወጥ ባለበት ቤት ይህ ያልቃል ብዬ አልሰጋም፤ ሌላ ምግብ ለማይሠራ ሰው ግን ግሬቪ ተጨማሪ ማዘዝ ግድ ነው።

ሳጥኑን ረቡዕ ጠዋት ይውሰዱት። የበሰለ ተርኪ በፍሪጅ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ስለሆነ ሰኞ ማምጣት የትራፊውን ዕድሜ ይበላል፤ በሳጥኑ ላይ የታተመው ቀን ከዚህ ካነሰ ደግሞ የሚታዘዙት ለእሱ ነው። ሐሙስ ለመውሰድ ማሰብም አደጋ አለው፤ ኮስኮና ፐብሊክስ የዚያን ቀን ዝግ ናቸው፣ ክፍት የሚሆኑትም ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ከመምጣቱ በፊት የፍሪጁን አንድ መደርደሪያ አውጥተው ቦታ ያብጁ፤ ሳጥኑን ያለ ቦታ አምጥቶ በረንዳ ላይ ማሳደር የምግብ መመረዝ በር ነው። ቀዝቃዛው ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች መቆየት አለበት፣ ከፍሪጅ ውጭ ያለው ጠቅላላ ጊዜም ከ2 ሰዓት አይለፍ።

አንድ ልመና አለኝ፦ ሳጥኑን ከመደብሩ ሳይወጡ ይክፈቱት። በበዓል ዋዜማ ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሠራተኛ በብዛት ስለሚያሽግ ግሬቪ ወይም ክራንቤሪ ሳይገባ ይቀራል። እዚያው ከታየ በደቂቃ ይተካል፤ ቤት ከደረሱ በኋላ ግን የሚረዳዎት የለም።

ጓዳ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ማሞቁ ልጨምር፣ ገንዘቡ ከንቱ የሚቀረው እዚያ ስለሆነ።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በስሎ የቀዘቀዘን ተርኪ ሙሉውን እንዳለ ማሞቅን አይመክርም። ደረቱ ተቆርጦ፣ እግርና ክንፉ ግን ሳይቆራረጥ እንዲሞቅ ነው የሚለው፤ ኦቨኑም ከ325 ዲግሪ አይነስ፣ ሥጋው 165 ዲግሪ ይድረስ ይላል። ጣዕሙም የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው። ከፍሪጅ የወጣ 10 ፓውንድ ሥጋ መሀሉ 38 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የታፋው መገጣጠሚያ 165 እስኪደርስ ከላይ ያለው ደረት 180 ይደርሳል። ያ ደረት አንድ ጊዜ በስሎ ውሃውን ከፊሉን አፍስሷል፤ ሁለተኛው እሳት ገለባ ያደርገዋል። ሰው "የግሮሰሪ ተርኪ ደረቅ ነው" የሚለው ባብዛኛው ቤቱ ያደረቀውን ነው።

አሠራሩ ይኸው። ተርኪው ቀዝቃዛ ሳለ ይቆረጥ፤ የቀዘቀዘ ሥጋ ቢላ ሲያርፍበት አይፈራርስም። መጀመሪያ ቆዳውን በትላልቁ ገፈው ለብቻ ያስቀምጡ። እግርና ታፋውን ከመገጣጠሚያው ይለዩ። ደረቱን ከአጥንቱ አውጥተው ጭረቱን በሚያቋርጥ መንገድ፣ የጣት ውፍረት ባለው መጠን ይቁረጡ፤ ከዚያ ከሳሳ ይደርቃል። እግርና ታፋው በአንድ ፓን፣ ደረቱ በሌላ። ለእግሩ አንድ ኩባያ፣ ለደረቱ ግማሽ ኩባያ ጨው የሌለው የዶሮ መረቅ ከሥር ይፍሰስ። ደረቱ ላይ ትንሽ ቅቤ ጣል አድርጎ ፎይሉን ጠርዝ ለጠርዝ መጠቅጠቅ ነው። እንፋሎቱ ከወጣ መረቁ ምንም አልሠራም።

ማዕዱን 9 ሰዓት ላይ ያድርጉት፣ በፈረንጁ 3፡00። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩት ጿሚዎች ከሌላው ጋር እኩል ይቀመጣሉ። እንግዲህ 6 ሰዓት ላይ ቆርጠው ፓኖቹን መልሰው ፍሪጅ ይክተቱ። 7፡15 ኦቨኑ በ325 ይለኮስ። 7፡30 እግርና ታፋው ከስተፊንጉ (በመረቅ ከረጠበው ዳቦ) ጋር ይግባ፣ ሁለቱም ተሸፍነው። 8፡05 ደረቱና ፎሶሊያው። 8፡45 ሁሉንም በቴርሞሜትር ይለኩ፤ አጥንቱን ሳይነኩ በወፍራሙ ቦታ ይውጉት፣ ስተፊንጉን ደግሞ መሀሉን። 165 የደረሰው ይውጣና ፎይሉ ሳይከፈት ይቀመጥ፤ ያልደረሰው እዚያው ይቆይ። ከዚያ ኦቨኑን 400 አድርገው የገፈፉትን ቆዳ በትሪ ዘርግተው 10 ደቂቃ፣ ዳቦዎቹን ለመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃ። ሙሉ ተርኪ ሲሞቅ እርጥብ ላስቲክ የሚሆነው ቆዳ በዚህ መንገድ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል።

ድንቹ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይሞቅ፣ መሀል ላይ ወጥቶ እየተማሰለ። ግሬቪው በድስት ፈልቶ ይንተክተክ፤ ለብ ማለቱ አይበቃም። ውሃና ዱቄቱ ከተለያዩ ትኩስ መረቅ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ በሹካ ቢመቱት ይመለሳል።

ሦስት ነገር እንዳይረሳ። ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ኦቨን አይገባም፣ ይቀልጣል፤ የአሉሚኒየሙ ደግሞ ለማይክሮዌቭ አይሆንም። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ሁሉንም ወደ ትክክለኛው ዕቃ ያዛውሩ። ስሎው ኩከር (ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ቀዝቃዛ ምግብ ለማሞቅ አይሆንም፤ ሥጋው ለሰዓታት ተህዋስያን በሚራቡበት ሙቀት ላይ ይቆያል። ከሞቀ በኋላ ትኩስነቱን ለማቆየት ግን ይጠቅማል። ጨው ደግሞ አይጨምሩ፤ እነዚህ ተርኪዎች ብዙዎቹ የጨው ውሃ ተወግተው የመጡ ናቸው።

የጾም ማዕድ

ስለ ጿሚዎቹ፦ ከሳጥኑ ውስጥ ብዙ ተስፋ አያድርጉ። ድንቹ ቅቤና ወተት አለበት። ስተፊንጉ ዳቦ ቢሆንም የረጠበው በዶሮ መረቅ ነው፣ ቅቤም አለው። ፎሶሊያው በክሬም ነው። ግሬቪው ያው የተርኪው ወዝ ነው። የዱባው ፓይ እንቁላልና ወተት፣ ዳቦዎቹም ብዙ ጊዜ ወተት አለባቸው፣ ከላይም ቅቤ ይቀባሉ። የሚተርፈው ክራንቤሪው ነው፤ ባመዛኙ ፍሬውና ስኳሩ ብቻ።

በአሜሪካ የታሸገ ምግብ ላይ ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ሥር "ይዟል" (Contains) የሚል መስመር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሕጉ አለርጂ ያስነሳሉ የሚላቸው 9 ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሸርጣንና መሰሎቹ፣ የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ሰሊጥ። ወተትና እንቁላሉን ከዚያ መስመር ባንድ ዓይን ያገኙታል። ነገር ግን የዶሮ መረቅ፣ የአሳማ ስብና ጄላቲን ከዘጠኙ ውስጥ ስላልሆኑ መስመሩ አይነግርዎትም። ለጿሚ ሲሆን ሙሉው ዝርዝር ከላይ እስከ ታች መነበብ አለበት።

የእኔ ምክር ስኳር ድንችና ካሮት በዘይት ጠብሶ የጾም አትክልት ማዘጋጀት ነው፤ ከምስር ወጡ ጎን ጥሩ ይሄዳል፣ የፍስክ የሚበላውም ይወደዋል። ኦቨኑ ሐሙስ ስለሚጨናነቅ ረቡዕ ማታ ይጠበስ። ለጾሙ የራሱ ጭልፋ ይኑረው፣ ጠረጴዛውም ላይ ከግሬቪው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ልጆች ጭልፋ ያዟዙራሉ፣ ጿሚው ደግሞ በሰው ፊት መጠየቅ ይከብደዋል።

ለማስታወስ ያህል፣ ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ስለሆነ ከጾሙ ጋር የሚገጥመው በየዓመቱ አይደለም። በ2027 ኅዳር 15፣ ልክ ጾሙ በሚገባበት ሰሞን ይውላል። በ2028 ግን ኅዳር 14 ነው፤ ያኔ ጾሙ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ሁሉም አብሮ ይበላል።

ሐላል ገበታ

ስለ ሁለቱ ሙስሊም እንግዶች ማሰብዎ ደስ ይላል። የእነዚህ ግሮሰሪዎች የበዓል ሳጥን በግልጽ ሐላል ተብሎ ካልተጻፈበት ሐላል አይደለም፤ "ተርኪ እንጂ አሳማ አይደለም" ማለት አይበቃም፣ አስተራረዱ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ሐላል ሥጋ ቤቶች ስላሉ ከእነሱ አንድ የተቆራረጠ ዶሮ ገዝቶ ለብቻው ድስት መሥራት ከሁሉ ይቀላል። ሙሉ ሐላል ተርኪ ከተፈለገም ቀደም ብሎ ማዘዝ ነው።

አሳማን በተመለከተ ግን ጉዳዩ የኛ ብቻ አይደለም፤ ኦርቶዶክሱም አይበላውም። የሚደበቀው ደግሞ ተርኪው ውስጥ ሳይሆን ጎኑ ላይ ነው። ስተፊንግ ውስጥ ቋሊማ ይገባል። ፎሶሊያው ላይ ቤከን ይበተናል። በስኳር ድንቹ ላይ የሚቀልጠው ነጩ ማርሽሜሎው ጄላቲን አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው። የፓይ ቂጣ አንዳንዴ በአሳማ ስብ ይለወሳል። ስታዝዙ "ያለ ቋሊማ፣ ያለ ቤከን" በሉና በትእዛዙ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አድርጉ፤ የሚያሽገው ሰው ትእዛዝ የተቀበላችሁ ሰው ላይሆን ይችላል።

የሜሪላንድ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ልጆቹ ተርኪው ሙሉውን ጠረጴዛ ላይ እንዲወጣ ይፈልጋሉ፤ ቆርጠን ካሞቅነው ይህ አይሆንም ማለት ነው? ደግሞ የሚተርፈው ሥጋ ምን ይሁን? ግማሹ ቤት ጾም ላይ ነው፣ በአራት ቀን አያልቅም።

ጓዳ

ሙሉ መልኩ በሳህን ላይ ይመለሳል። ሰፊ ትሪ መሀል ላይ ስተፊንጉን ጉብ አድርገው፣ የደረቱን ቁራጮች በሁለት ጎን በቅደም ተከተል ደርበው፣ እግሮቹን ከፊት፣ ክንፎቹን ከጎን፣ የተንኮሻኮሸውን ቆዳ ከላይ። ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ተርኪ ነው፣ ሲነሳ ደግሞ የተቆረጠ። ስተፊንጉ ግን ቋሊማ የሌለው መሆኑ ይረጋገጥ፣ ሥጋውን ስለሚነካ።

የግድ ሙሉውን እናሙቅ ካላችሁ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የመደብሩን ወረቀት ተከተሉ፤ ለተርኪው መጠንና አበሳሰል የተጻፈው እሱ ነው። ከወረቀቱ ሰዓት በላይ ግን ቴርሞሜትሩን እመኑ፤ የታፋው ውስጠኛ ክፍል 165 ካልደረሰ አልሞቀም። ደረቱን ብቻ በፎይል ደርቦ መሸፈን ይረዳል፣ ጨርሶ ከመድረቅ ግን አያድነውም።

የቁሌት ሰው

ትራፊው ለገና ይሁን። ከኖቬምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 7 ቀን 42 ቀን ነው፤ የበሰለ ተርኪ በፍሪዘር ውስጥ ይህን ያህል ጣዕሙ ሳይጎድል ይቆያል። ሐሙስ ማታ ሳታሳድሩ ሥጋውን ከአጥንቱ ለዩ፣ ታፋና እግሩን በትልልቅ ሙዳ። አጥንቱን በ3 ሊትር ውሃ 2 ሰዓት ቀቅሉና መረቁን አጥልሉት፤ ሲቀዘቅዝ ሥጋው ላይ እስኪሸፍነው አፍስሳችሁ በ2 ፓውንድ በ2 ፓውንድ ከረጢት ቀን ጽፋችሁ ፍሪዘር ክተቱ። መረቁ ሥጋውን ከፍሪዘር ነፋስ ይጠብቀዋል። ሥጋውን ራቁቱን ያስቀመጠ ሰው ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት እንጨት ያወጣል።

ለገና እንደ ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ ልዩነቱ ሥጋው የሚገባበት ሰዓት ነው። ለ2 ፓውንድ ሥጋ 2 ፓውንድ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ ያለ ዘይት 40 ደቂቃ ያህል አቁላሉ፣ ሲይዝ ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ። ቅቤና ሲሶ ኩባያ በርበሬ ገብቶ በትንሽ እሳት ሌላ 30 ደቂቃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉም እዚህ ላይ። ከዚያ ያ የቀለጠው መረቅ። ቁሌቱ ቅቤውን ሲተፋና ሲጠና ብቻ ሥጋው ይግባ፣ ከቀቀላችሁት እንቁላል ጋር፣ 15 ደቂቃ ቢበዛ። እንደ ጥሬ ዶሮ ቀደም ብሎ ከገባ ክር ክር ብሎ ወጡ ውስጥ ይበተናል። ጨው ከመከለሻው በኋላ ቀምሳችሁ ነው፤ ሥጋውም መረቁም ጨው ይዘው ስለመጡ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈልግም።

ደረቱን ለወጥ አትጠቀሙበት፣ ይደርቃል። በቀጭኑ ተልትሎ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በአዋዜ ፈጣን ጥብስ ይሻለዋል። በጭስ የበሰለውን ደግሞ ወጥ ውስጥ ባታስገቡት ይሻላል፤ ጭሱ የኮረሪማውንና የመከለሻውን ሽታ ይውጠዋል። ለወጥ ካሰባችሁ ገና ስታዝዙ ጭስ ያልገባውን ምረጡ።

ከዴሊ ጀርባ

አንድ ነገር ሳልጨምር ቀርቻለሁ። በኢቢቲ ካርድ በስናፕ (በመንግሥት የምግብ ድጎማ) ለሚገዛ ሰው፣ ትኩስ ሆኖ የሚሸጥ ምግብ በስናፕ አይከፈልም፤ ቀዝቃዛው ወደ ቤት የሚወሰደው ግን በአጠቃላይ ይፈቀዳል። የትእዛዝ ቅድሚያ ክፍያ ካለ ካርዱን ይቀበል እንደሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ባንኮኒው ላይ ጠይቁ። ትእዛዙም ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ቢል ጥሩ ነው፤ ትንሹ ሳጥን ቶሎ ስለሚያልቅ ዘግይቶ የመጣ ሰው ትልቁን እንዲወስድ ይገደዳል።